በሽሮፕ ጠርሙስ የሸጥነው ዘይት

(የብቸና አባላት ሞጣ ላይ በተደረገው የጋራ ስብሰባ ያሰሙት ንግግር)

የጠራችሁን የባሕር ዛፍ ዘይት ሽያጫችንን እንድንነግራችሁና እናንተም እንድትጀምሩ ነው። እንነግራችኋለን። ነገር ግን ትርፉን ከማውራታችን በፊት ጥፋታችንን ማውራት አለብን።

ዘይቱን ከከተማ በጀሪካን ገዝተን በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዳን ነበር የምንሸጠው። አዲስ ጠርሙስ መግዛት ትርፉን በላብን። ስለዚህ ከየቤቱ ያለቀ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ለቀምን፤ አጠብን፣ ወረቀቱን ላጥን። አልላጥ ያለውን እንዳለ ተውነው። ያን ጊዜ ብልሃት መስሎን ነበር።

በጥቅምት ብርድ የአንዷ አባላችን ልጅ፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ ሳል ያዘው። እናቱ ገበያ ውላ ነበር። አያቱ ከመደርደሪያው ላይ የሚያውቁትን ቡናማ ጠርሙስ አንስተው በሻይ ማንኪያ ሰጡት። ልጁ ግማሹን ተፋው፣ ግማሹን ዋጠው። ወዲያው ሳል አጣደፈው፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ጎረቤት ተሰብስቦ ወተት አጠጣው፣ ጣት ከቶ ሊያስታውከው ሞከረ። ጤና ጣቢያ ሲደርስ ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀው «ምንድን ነው የጠጣው?» ብሎ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ ከፍቶ አሽትቶ ነው ያወቀው። ልጁ ሆስፒታል ሦስት ሌሊት አድሮ ዳነ። ተመስገን።

ሰው ሁሉ አያቲቱን ወቀሰ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉስ ምን ሊያነቡ ኖሯል? የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ መርዝ ቀድተን የሸጥነው እኛ ነን።

«እንዴት መርዝ ይባላል? ባሕር ዛፍ አይደል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም እንዲያ ብለን ነበር። ዛፉ በዓፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ዛሬ ጎጃምን ያለበሰው፣ የምናገዶው፣ ቤት የምንሠራበት ነው። ቅጠሉን ቀቅለን ስንታጠን አድገናል። ግን ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም። አረቄ የምታወጡ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ጠላ የቀመሰ ልጅ ምንም አይሆንም ብላችሁ ያንኑ ያህል አረቄ ታጠጡታላችሁ? ዘይቱም የሚወጣው እንደ አረቄው ነው፤ ቅጠሉ በእንፋሎት ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ከውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ከመቶ ኪሎ ቅጠል የሚገኘው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ዘይት ቢሆን ነው። እንግዲህ አንድ ማንኪያ ውስጥ ስንት እፍኝ ቅጠል እንዳለ አስቡት። ለትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ራስ አስቶ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል።

ከጤና ባለሙያዎቹ የተማርነውን እንንገራችሁ። ልጅ ከጠጣ አታስታውኩት፤ ሲያስታውክ ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሩጡ። ደህና መስሎ ቢጫወትም አትጠብቁ፤ ምልክቱ በግማሽ ሰዓትም ይመጣል፣ ሰዓታትም ሊዘገይ ይችላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት በንጹሕ ውኃ እያፈሰሱ ማጠብ ነው።

ለትልቅ ሰው ገላ አንድ ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት ይበረዛል። መጀመሪያ ክንድ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ሕፃን አፍንጫ ሥር ወይም ፊት ላይ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ትንፋሹን ሊያቋርጠው ይችላል። የካምፎርና የሜንቶል ቅባትም ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይደለም።

ስለ መታጠን ደግሞ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን ሲገባ ሁላችንም ባሕር ዛፉን፣ ዳማከሴውን፣ ዝንጅብሉን ቀቅለን ጋቢ ተከናንበን ነበር። ኮሮናን አላዳነም፤ የተዘጋ አፍንጫ ቀለል ቢያደርግ ነው። የፈላ ድስት ከጋቢ ሥር ከልጅ ጋር ማስቀመጥ ግን የሚያቃጥል አደጋ ነው። ድስቱ ከሰል ላይ እንዳለ፣ በር ዘግቶ መታጠን ደግሞ የከሰሉ ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል። ዘይቱ ራሱ እሳት ይይዛል፤ ከምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

ስለ ጤና አዳም ጠይቃችሁናል። ቡና ላይ የምትጣለዋ አንዲት ዘለላ ሌላ ነገር ናት። ከእሱ የወጣ ዘይት ግን ማሕፀን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ሴት አጠገቡም አትድረስ፤ ቅጠሉንም አብዝታ አትጠጣ። ጤና አዳም ሸምጥጠን ፀሐይ ላይ ስንውል እጃችን ውኃ የሚቋጥረው በዚያው በቅጠሉ ጭማቂ ነው፤ ብዙዎቻችን አለርጂ ይመስለን ነበር። የቅርንፉድ ዘይት የጥርስ ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ጥርሱን አያድንም፤ ጥርስ ለሚያበቅል ሕፃን ድድ አይቀባም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግን ተጨምቆ የሚወጣ ስለሆነ የዚህ ዘመድ አይደለም፤ አታምታቱት።

ሽያጩን እናንተም ጀምሩ። ሥራውን አልጠላነውም፤ የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል እንኳ በጠጅ ሳርና በመሰል ሽታ ባላቸው ተክሎች ላይ ሲሠራ የኖረው ገበያ ስላለው ነው። ግን በአዲስ ጠርሙስ ይሁን፤ ጠብታ ብቻ የሚያወጣ አፍ ያለው። በላዩ «አይጠጣም» ብላችሁ ጻፉ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ የራስ ቅል ሥዕል አድርጉ። ትርፉ ይቀንሳል። የእኛም ቀንሷል፤ ከአባላት መካከል ተቆጥተው የወጡም አሉ።

የሸጥነው 38 ጠርሙስ ነበር። ቤት ለቤት ዞረን፣ ገንዘቡን ከሳጥናችን እየመለስን 31ዱን ሰብስበናል። ሰባቱን አላገኘናቸውም። በገበያ ቀን ከዚህ ከሞጣ መጥተው የገዙን ሴቶች እንደነበሩ እናስታውሳለን፤ ስማቸውን አልያዝንም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ መደርደሪያችሁን እዩልን፤ ለጎረቤትም ንገሩልን። ቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ ነው፣ ነጭ ክዳን አለው፣ ሲከፈት ባሕር ዛፍ ይሸታል። ለሰብሳቢያችሁ ስጡ፤ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።