የመንግሥት የሕግ ባለሙያና የካፒታል ገበያው አደራ



የተሰበሰብንበት ሰፈር ስም ለዛሬው ርእሳችን ቅርብ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስያሜ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው። እኔም የምናገረው ስለ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ማለትም የገንዘብ ገበያን ስለሚቆጣጠረው የሕግ ባለሙያ ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከአብዮቱ በኋላ ቆመ። አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። በዚያ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። በ9,900 ብር ባለአክሲዮን የሚሆን ሰው የኩባንያን የሒሳብ መዝገብ ሊመረምር አይችልም። የሚያምነው የተነገረውን ነው። ስለዚህ የመንግሥት የሕግ ባለሙያ የመጀመሪያ ሥራ ክስ ሳይሆን ንባብ ነው፤ ለሕዝብ የሚቀርበው መግለጫ የደበቀው ነገር መኖሩን መጠየቅ።

ክሱ ሲመጣ ደግሞ ከባድ ነው። አንድ የቦርድ አባል ኪሳራው ከመነገሩ በፊት ድርሻውን ሸጠ እንበል። መሸጡን ማሳየት ቀላል ነው፤ ኪሳራውን አስቀድሞ ማወቁን፣ መረጃው በወቅቱ ለሕዝብ አለመገለጡንና በዋጋው ላይ ለውጥ ሊያመጣ የሚችል መሆኑን ማስረዳት ግን ቃለ ጉባኤ፣ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። በወንጀል ችሎት ለማስረዳት የሚያዳግተው ጉዳይ በአስተዳደራዊ እርምጃ ሊታረም ይችላል። የቱን መንገድ መምረጥ እንዳለበት የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ ዓመት አይፈጠርም።

በአሜሪካ ፈርዲናንድ ፔኮራ የተባለ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1933 የሴኔቱን ምርመራ ሲመራ ታላላቅ የባንክ ባለቤቶችን በአደባባይ ጠየቀ። የያዘው መሣሪያ በሚገባ የተነበበ ሰነድ ነበር። በ1934 አዲስ በተቋቋመው የገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን አባል ሆነ፤ በዓመቱም ዳኛ ለመሆን ለቀቀ።

እኛንም የሚያሳስበን ይኸው መልቀቅ ነው። መንግሥት ያሠለጠነውን ባለሙያ ነገ በተሻለ ደመወዝ የሚወስደው ትናንት ሲቆጣጠረው የነበረው ድርጅት ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ የሚያስተዳድርን ሰው በዚህ አልወቅስም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጉናል፤ ከመንግሥት ሥራ ወደ ተቆጣጠሩት ድርጅት ሲኬድ የሚጠበቅ የጊዜ ገደብ፣ እንዲሁም ተተኪው አንብቦ ሊቀጥለው የሚችል መዝገብ።

ከእናንተ መካከል ወደዚህ ሥራ የምትገቡ አላችሁ። መዝገባችሁን ስትጽፉ 33 አክሲዮን የገዛውን ሰው አስቡት። እናንተ ብትለቁም እርሱ ገበያው ውስጥ ይቆያል።