የኦኬሎ አኳይ ወንበር

ጋምቤላ ውስጥ ለምክር ቤት ልወዳደር የሚል ወጣት የኦኬሎ አኳይን ታሪክ ቢያውቅ አይጎዳውም። ኦኬሎ የክልሉ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ግድያ ተጀመረ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኙዋኮች አለቁ። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አገር ጥለው ወጡ፤ በኋላም የኖርዌይ ዜጋ ሆኑ። በ2006 ጁባ ላይ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ፤ በ2008 ዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2010 ተፈቱ።

የሹመት ውጣ ውረድ አገራችን ለምዳዋለች። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ በግድያው ጊዜ በከተማዋ የነበረው መከላከያ ሠራዊት ግን የሚታዘዘው ለፌዴራል መንግሥት ነበር። እንግዲህ አዲሱ ተመራጭ፣ ጎረቤቱ በሌሊት በሩን አንኳኩቶ «አድነኝ» ቢለው፣ ለማን ይደውላል?