የኬፐር ጨውና የቡሬ በርበሬ



በጣሊያን ምግብ ቤቶች በዓሣና በፒዛ ላይ ተነስንሳ የምትቀርበው አረንጓዴ ቅንጣት ኬፐር ትባላለች። ፍሬ ትምሰል እንጂ ያልፈካች የአበባ እምቡጥ ናት። ቁጥቋጦዋ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በድንጋያማ መሬት ይበቅላል። እምቡጧ እንደ ተቀጠፈች መራራ ናት፤ ለማዕድ የሚያበቃት ጨው ነው። በጨው ስትሰነብት ምሬቷ ይለቅና ከሰናፍጭ ጋር የሚያዛምዳት የሚቆጠቁጥ ጣዕም ይወጣል። ስለዚህ በጾም ወራት ሰናፍጭ የለመደ የጎጃም ሰው ለጣዕሟ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

በአገራችን ጉመሮ የሚባለው እሾሃም ተክል የኬፐር የቅርብ ዘመድ ነው። ሥሩ ለቡዳ መድኃኒት እየተባለ ሲታጠን ኖሯል። ዳሩ ግን ዝምድና ለምግብነት ዋስትና አይሆንም፤ ጉመሮ በጎችን፣ ፍየሎችንና ጥጆችን እንደሚመርዝ በምርምር ታውቋል። እንግዲህ «የጉመሮን እምቡጥ በጨው ዘፍዝፈን ኬፐር እናድርገው» የሚል ቢነሣ፣ መልሱ «አይሞከርም» ነው።

ከኬፐር የሚቀሰመው ትምህርት ሌላ ነው። በጣሊያን የፓንቴሌሪያ ደሴት ገበሬዎች እምቡጡን በእጅ ለቅመው፣ በመጠን ለይተው፣ በጨው ያቆዩታል። የደሴቲቱ ኬፐር ስም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ ሕግ ተጠብቋል። እንግዲህ ክብሩን ያገኘው ከተክሉ ብቻ ሳይሆን ከአያያዙም ጭምር ነው።

ቡሬና ወምበርማ በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ አፈርና እርጥበት ያገኘዋል፤ በሚገባ ሳይደርቅ በጆንያ ሲታመቅም ይሻግታል። ከሻጋታው የሚመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሲሆን፣ ወጥ ሲሠራም በሙቀት አይጠፋም። የበርበሬው ቅላት ለዓይን ቢያምር እንኳ መርዙ አይታይም።

በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ የትኛውም ፋብሪካ የሻገተን በርበሬ ጤነኛ ማድረግ አይችልም። ሥራው የሚጀምረው ከገበሬው ደጅ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ የማድረቂያ ቆጥ፣ ጤነኛውን ከተበላሸው መለየት፣ እርጥበቱ ከመቶ 10 ገደማ እስኪደርስ መታገሥ፣ አየር በሚያገኝ ጎተራ ማስቀመጥ። ይህ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የባለሙያን ክትትል ነው።

በርበሬ በየቤቱ በየዕለቱ የሚበላ ነውና፣ ጥንቃቄው ለውጭ ገበያ ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ ለራሳችን ማዕድ ነው።