የጥጡ ባለቤት ማን ነው?

ስለ ሐይቅና ስለ አምባሰል ሴቶች ለደጋፊዎቻችን ጉባኤ የተሰጠ ንግግር



ባለፈው ጉባኤያችን ከመካከላችሁ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «የምንልከው ገንዘብ ለሐይቅና ለአምባሰል ሴቶች ዶሮ ይገዛላቸው እንደ ሆነ ንገሩን» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ከመልካም ልብ የወጣ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ ዛሬ ያየነውን ልንነግራችሁ ወደድን።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከዚያ አልፎ ውጫሌ ሲደረስ የአምባሰል ወረዳ ነው። አምባሰል ሲባል ለብዙዎቻችሁ አስቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ቅኝቱ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ብንሆን ዘፈኑን የሰማነው ተራራውን ከማየታችን በፊት ነው። ይህ አገር የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ ያየ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ክፉ ዘመን ከገበሬው ቤት አስቀድሞ ለገበያ የሚወጣው በሬው አይደለም። መጀመሪያ ዶሮዎቹ፣ ቀጥሎ በግና ፍየሉ ይሸጣሉ፤ በሬው እስከ መጨረሻ ይቆያል። ዶሮ ደግሞ እንደ ልማዳችን የሴቲቱ ገንዘብ ናት። እንግዲህ ቤተ ሰቡን አስቀድሞ የሚደግፈው የእርስዋ ጥቂት ሀብት ነው፤ አስቀድሞ የሚያልቀውም እርሱ ነው። ዛሬ ዶሮ ገዝተን ብንሰጣት በሚመጣው ድርቅ ትሸጣታለች፤ ያውም ፈንግል ካልቀደማት ነው።

በሐይቅ አቅራቢያ በአንዲት እናት ደጃፍ ተቀምጠን ነበር። ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው እንዝርቱን ሲያሾሩት ዓይናቸው ከእኛ ላይ አልተነሣም፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ሸማኔው ድሩን የፋብሪካ ክር ቢያደርገውም ለማጉ ግን የእጅ ፈትል ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያው አልጠፋም። ልቃቂቱን ስንት እንደሚሸጡት ብንጠይቃቸው ሳቁብን።

«ጥጡ መቼ የእኔ ሆነና! ነጋዴው በዱቤ ይሰጠኛል። ፈትሉን እርሱው ይወስደዋል፤ ዋጋውንም እርሱው ይቆርጠዋል። ለእኔ የቡናና የጨው መግዣ ብትተርፈኝ ነው።»

ይህ ነገር የወሎ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በባንግላዴሽ፣ ጆብራ በምትባል መንደር፣ መሐመድ ዩኑስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት መምህር ከቀርከሃ በርጩማ የምትሠራ ሴት አገኙ። የቀርከሃውን መግዣ ከነጋዴ ትበደራለች፤ በርጩማውንም ነጋዴው በወሰነው ዋጋ መልሳ ለእርሱው ትሸጣለች። በመንደሩ እንደ እርስዋ በዕዳ የተያዙት ሲቆጠሩ 42 ሰዎች ሆኑ፤ ሁሉንም ከዕዳ የሚያወጣው ገንዘብ ግን በጠቅላላው 27 ዶላር ነበር። እነዚህ ሰዎች ሙያ አላጡም፤ ትጋትም አላጡም። የሐይቋ እናትም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ የጥጥ መግዣውን ለምን አንሰጣቸውም ትሉ ይሆናል። በሌላ ቀበሌ ሞክረነው ነበርና ውጤቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ለሴቶች በግ ማድለቢያ ገንዘብ አበደርን። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን የባሎቻቸው ስም ነበር፤ ይህ የእኛ ስንፍና ነው። በዚያው ዓመት ዝናቡ ቀረ። በጉ ተሸጠ፣ እህል ተገዛበት፣ ልጆች በሉ። ማን በዚህ ይፈርዳል? ብድሩ ሳይመለስ ቀረ፤ እኛም ለመጠየቅ አፈርን። ከሁሉ የከፋው ግን ሴቶቹ መኪናችንን ሲያዩ መንገድ መለወጥ መጀመራቸው ነው። ልንረዳቸው ሄደን ባለ ዕዳ አድርገናቸው ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ከሌሎች ለመማር ተገደድን። የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዙ ቴርፈንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ የራስ አገዝ ቡድኖችን ጀምራ ነበር፤ አሳቡ የተወሰደው ከሕንድ ነው። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ፣ ኑሮአቸው የሚመሳሰል ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። እንደ አቅማቸው ጥቂት ብር ያስቀምጣሉ፤ ሲጠራቀም ከራሳቸው ሣጥን ይበዳደራሉ። ስብሰባውን በየተራ ይመራሉ። መነሻው ገንዘብ ከውጭ የሚመጣ አይደለም።

ቅሬ በሚባለው የቀብር ማኅበር ላደገ የወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «ይህማ ዕቁብ ነው» ያሉንም ነበሩ። ልዩነቱ ዕቁብ ዕጣ የወጣለትን ሲያይ፣ እዚህ ግን ተበዳሪዋ ገንዘቡን ለምን እንደምትፈልገው በጎረቤቶችዋ ፊት ማስረዳት አለባት። በአንዱ ቡድን ሙስሊሞቹ እኅቶች ወለድ አንነካም አሉ። ክርስቲያኖቹም ተስማምተው ወለዱ ቀረ፤ እኛ ያልጠበቅነውን ነገር እነርሱ በአንድ ቡና ጨረሱት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅና ውጫሌ ሲደርስ የአንደኛው ቡድን ሴቶች ከመሸሻቸው በፊት ሣጥኑን ከፍተው ለእያንዳንዷ ድርሻዋን ሰጡ። ሲመለሱ በግም ዶሮም አልቆያቸውም። ደብተሩ ግን ከአንዲቷ ጋር በመቀነትዋ ታስሮ ሄዶ፣ በመቀነትዋ ታስሮ ተመለሰ። ማን ስንት እንዳለባት የሚከራከር አልነበረም፤ በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባው ቀጠለ።

ስለዚህ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ በግ አይሆንም፣ ጥጥም አይሆንም። ከመንደር መንደር በእግርዋ እየሄደች ቡድኖቹን ለምታስተምር ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለደብተርና ለእርሳስ የሚውል ነው። በመጀመሪያው ዓመት የምንልክላችሁ ፎቶግራፍም የሚያስደስት አይሆንም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሴቶችና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ነው። ይህን ታግሣችሁ መስጠት ትችሉ እንደ ሆነ እንድታስቡበት እንጠይቃችኋለን።

ፈታይዋ እናት አሁን በቡድን ውስጥ ናቸው። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተበድረው ጥጡን ከደሴ በጋራ ያስመጣሉ። ነጋዴው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ልቃቂቱን በስንት እንደሚሸጡለት ይጠይቃቸው ጀመር። በመጨረሻ ስንሰናበታቸው የእናንተን ጥያቄ አነሣንላቸው። ደጋፊዎቻችን ዶሮ ሊገዙልዎ ይፈልጋሉ አልናቸው።

«ዶሮውንስ እኔው እገዛለሁ» አሉን። «እናንተ የፈንግል ክትባት የሚከትበውን ሰው አምጡልን።»