ለማደሪያው ባለቤት የተሰጠው ሁለት ዲናር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰው በኋላ፥ በማግሥቱ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። እርሱ ቢሄድም ምሕረቱ አልሄደችም፤ በቅርብ ባለ ሰው እጅ ታገለግል ነበር።

በጎረቤታችን በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ታላላቆቹ የእርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ከካርቱም አወጡ። በየሰፈሩ የቀሩት ወጣቶች ግን «ተኪያ» የሚባለውን የጋራ ማድ ቤት አቋቁመው፥ ምስርና ባቄላ እየቀቀሉ ለተራበው ጎረቤት አደሉ። ስለዚህም ሥራ የታሰሩና የተገደሉ አሉ። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ ብዙው ማድ ቤት ተዘጋ፤ በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻቸው ከደመወዛቸው ቀንሰው በሚልኩት ገንዘብ ድስቱ ከእሳት ያልወረደበትም ነበረ።

እንግዲህ «የእኛ ጥቂት ምን ትረባለች?» አንበል። ታማኙን መርምረን ለይተን፥ በቁስለኛው አጠገብ ለቆመው እንስጥ። ሳምራዊው የወደቀውን ሰው ወገን እንዳልጠየቀ፥ እኛም የተራበውን ሃይማኖት አንጠይቅ። ደግሞም እርሱ ሰጥቶ አልረሳም፤ ተመልሶ የጎደለውን ሊሞላ ቃል ገባ። የእኛም ስጦታ የአንድ ቀን ብቻ አይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።