በቁስቋም ውሃ የሚፈላው በስንት ዲግሪ ነው?



ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። ይሁን እንጂ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ በምትገኘው ቁስቋም በሚንተከተክ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ቢገባ 100 አያሳይም። ስንት እንደሚያሳይ ግን ድስቱ ሳይጣድ በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ ይቻላል።

ውሃ የሚፈላው የተኑ ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚፈለገው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍታ በእኩል መጠን በጨመረ ቁጥር ግፊት የሚቀንሰው በእኩል ልክ ሳይሆን በእኩል ድርሻ በመሆኑ ሎጋሪዝም የግድ ይሆናል። የቁስቋም ከፍታ 2600 ሜትር ያህል፣ የአየሩም አማካይ ሙቀት 15 ዲግሪ ነው ተብሎ ቢሰላ፣ በባሕር ጠለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የነበረው ግፊት ወደ 558 ይወርዳል።

ሁለተኛውን ቀመር ያስገኘው ፈረንሳዊው ኤሚል ክላፔይሮን ነው። ሰውየው የባቡር መሐንዲስ ነበር፤ ይህን የሙያ ባልደረቦቹ ሁሉ ቢያስታውሱት አይከፋም። በ1834 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሐሳብ ጀርመናዊው ክላውዚየስ በኋላ አሻሽሎታል። በቀመሩ መሠረት የግፊት ሎጋሪዝም ከፍጹማዊ ሙቀት ግልባጭ ጋር በቀጥታ መስመር ይያያዛል፤ የመስመሩን ተዳፋት የሚወስነውም ውሃን ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ማለትም በሞል 40.7 ኪሎጁል ነው። ስሌቱ ሲፈጸም 91.4 ዲግሪ ይገኛል። የእንፋሎት ሠንጠረዥ ለዚሁ ግፊት 91.6 ገደማ ይሰጣል። ጥቂቱ ልዩነት የመጣው፣ የማትነኛው ሙቀት ከዲግሪ ዲግሪ በመጠኑ የሚለዋወጥ ሲሆን በስሌቱ ግን እንደማይለወጥ ስለ ተቆጠረ ነው።

ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል የደጋ ሴቶች ያለ ሎጋሪዝም ያውቁታል። በወጥ ቤት የሚጠፋው ማገዶና ጊዜ ነው። የሕክምና መሣሪያ በሚመከንበት አውቶክሌቭ ዘንድ ግን ጉዳዩ ይከብዳል።

የአውቶክሌቭ የተለመደ መመሪያ ‹‹15 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ›› ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ ትክክል ነው። የተለመደው የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ግን ከውጪው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። በቁስቋም የውጪው ግፊት 14.7 ሳይሆን 10.8 ፓውንድ ስለሆነ፣ መርፌው 15 ላይ ሲቆም በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 25.8 ፓውንድ ነው፤ የእንፋሎቱም ሙቀት 116.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። አራት ዲግሪ ተኩል ምን ያህል ነው ይባል ይሆናል። ሙቀትን እጅግ የሚቋቋሙትን የባክቴሪያ ስፖሮች ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር 10 እጥፍ ያድጋል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ሒሳብ 15 ደቂቃው ወደ 42 ደቂቃ ይደርሳል። ሠራተኛው መመሪያውን አንድም ሳያጓድል ፈጽሞ፣ መርፌውም ‹‹ትክክል ነው›› እያለ፣ መሣሪያው ሳይመክን ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

መፍትሔው መርፌውን 19 ፓውንድ ላይ ማድረስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዕቃው ያን ግፊት እንዲሸከም የተሠራ መሆኑን ከአምራቹ ጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል። የደኅንነት ቫልቩ ከ19 በታች የሚከፈት ከሆነ ቫልቩን መንካት ክልክል ነው፤ በ15 ፓውንድ 45 ደቂቃ ያህል ማቆየትና ውጤቱን በስፖር መፈተኛ ማረጋገጥ ይሻላል።