የኳሱ ገጽና የባለሙያው ኃላፊነት




«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ይህ አባባል እውነትነቱ ጎልቶ የሚታየው፣ የረጅም ጊዜ ዝግጅት ውጤት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በሚፈተንበት ሙያ ነው። ከእነዚህም ሙያዎች አንዱ ለታላቅ የቦውሊንግ ውድድር የኳስን ገጽ ማዘጋጀት ነው። ተመልካቹ የሚያየው ወርዋሪውን፣ ኳሱንና የሚወድቁትን ፒኖች ነው። በዋዜማው ኳሱን በአዟሪ መሣሪያ ላይ አስቀምጦ በውኃ እያራሰ ሲፈገፍግ ያመሸውን ባለሙያ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ይሁን እንጂ በማግሥቱ የሚሆነው ነገር ብዙው የተወሰነው በዚያ ምሽት ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት በመጀመሪያ ሜዳውን ማየት ያሻል። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ድረስ ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም 18.29 ሜትር ነው። ኳሱ ከ16 ፓውንድ፣ ይኸውም ከ7.26 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ወለሉ በስስ ዘይት የተቀባ ሲሆን፣ ዘይቱ እስከ መጨረሻው አይደርስም፤ ብዙውን ጊዜ 40 ጫማ ያህል ሄዶ ያበቃል። የቀረው ደረቅ ነው። ከእጅ የወጣው ኳስ በዘይቱ ላይ ይንሸራተታል፤ ቀጥሎም ወለሉን መያዝ ሲጀምር ወደ ጎን ይታጠፋል፤ በመጨረሻም መንሸራተቱን ትቶ በሙሉ ይንከባለላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ኳሱ ፒኖቹን በ6 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ማዕዘን ሲመታ ዐሥሩንም የመጣል ዕድሉ እጅግ ከፍ ይላል። ቶሎ ከታጠፈ ኃይሉን በመንገድ ይጨርሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ሳይታጠፍ ያልፋል። ይህንን ጊዜ ከሚወስኑት ነገሮች ዋናው በኳሱና በወለሉ መካከል ያለው ሰበቃ ነው።

ሰበቃውን የሚፈጥረው የኳሱ ገጽ ነው። ለዓይን ልሙጥ የሚመስለው ገጽ በማጉያ ሲታይ ኮረብታና ሸለቆ የሞላበት ነው። ኮረብታዎቹ ከፍ ያሉ እንደ ሆነ የዘይቱን ስስ ንጣፍ አልፈው ወለሉን ይነካሉ፤ ኳሱም ቶሎ ይይዛል። ዝቅ ያሉ እንደ ሆነ ግን ዘይቱ ይሸፍናቸዋል፤ ኳሱም ራቅ ብሎ ይንሸራተታል። የአሜሪካ የቦውሊንግ ኮንግረስ ስለ ኳስ እንቅስቃሴ ባካሄደው ሰፊ ጥናት፣ ከተመረመሩት በርካታ ምክንያቶች መካከል ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ ያለው የገጽ ሻካራነት ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2009 የሻካራነት ወሰን ተደንግጓል፤ ወሰኑም 50 ማይክሮ ኢንች፣ ማለትም 1.27 ማይክሮ ሜትር ነው። ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ የሚያንስ ይህ ልክ በታላላቅ ውድድሮች አሸናፊውን ከተሸናፊው ለመለየት ይበቃል።

ለገጹ ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። የጥንቶቹ ኳሶች ሊግነም ቪቴ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠሩ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ጎማ ተተካ፤ ከዚያም ፖሊስተር መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፖሊዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዘይትን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የሚመጥጠው ሪአክቲቭ ሬዚን ተከተሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ባለሙያውን በይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባ አንድ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዶን መኪዩን የተባለው አሜሪካዊ ተጫዋች የፖሊስተር ኳሱን ሜቲል ኤቲል ኪቶን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ እየዘፈዘፈ የውጭውን ቅርፊት አለሰለሰ። ለስላሳው ቅርፊት ወለሉን አጥብቆ ይይዝ ነበርና፣ በዚያው ዓመት ስድስት ውድድሮችን አሸንፎ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በጊዜው ይህን የሚከለክል ደንብ ስላልነበረ ሰውየው ሕግ አልጣሰም። ነገር ግን ፈሳሹ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ትነቱም የሚጎዳ ነው፤ ምሳሌውን የተከተሉ ሁሉ ኳሳቸውን በየቤታቸው ሲዘፈዝፉ አደጋውን አብረው አስገብተዋል። ከዚያ በኋላ የኳስ ጥንካሬ በመሣሪያ እየተለካ ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይሆን ተደነገገ። ልኩም በሾር ዲ መለኪያ ለብዙ ዓመታት 72 ሆኖ ቆይቷል።

ከዚህ ምዕራፍ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ደንብ የሚመጣው ከብልሃት በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ጊዜ ግን የሰውን ደኅንነትና የጨዋታውን ሚዛን የሚጠብቀው የባለሙያው ኅሊና ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው ራሱ እንዴት ይከናወናል? የመጀመሪያው ተግባር ማጽዳት ነው። ሬዚን የመጠጠው ዘይት ሳይወጣ ገጹን መፈግፈግ ቆሻሻውን እንደ ገና ወደ ቀዳዳዎቹ መክተት ይሆናል። ዘይቱን ለማውጣት ሞቅ ያለ ውኃ ይበቃል። የሚፈላ ውኃ ግን ቅርፊቱን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ በችኮላ የጠፉ ኳሶች ቁጥር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው መፈግፈግ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያለ ሻካራ ፊት ያላቸው ክብ የስፖንጅ መፈግፈጊያዎች ሲሆኑ፣ የሻካራነት ደረጃቸው በቁጥር ይገለጻል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል፤ በአውሮፓውያን ደረጃ የ500 ቁጥር ቅንጣት 30 ማይክሮ ሜትር ያህል፣ የ1000 ቁጥር 18 ያህል፣ የ2000 ቁጥር ደግሞ 10 ያህል ነው። ባለሙያው ከሻካራው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቃቁ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ደረጃ ተግባር የቀደመውን ጭረት ደምስሶ የራሱን መተው ነው። ከ500 ቀጥታ ወደ 2000 የተዘለለ እንደ ሆነ ጥልቁ ጭረት ከታች ይቀራል፤ ከላይ ያሉት ጫፎች ብቻ ይለዝባሉ። ይህ አሠራር ታስቦበት ሲደረግ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሳይታሰብ ሲደረግ ግን ስሕተት ነው። የሁለቱ ኳሶች የመጨረሻ ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ጠባያቸው የሚለያየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኳስ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዞር ገጹ በሁሉም ወገን አንድ ዓይነት መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ኳሱ በአዟሪው ላይ እየተገለበጠ ቢያንስ ከአራት፣ ቢቻል ከስድስት ወገን ይፈገፈጋል። በየወገኑ የሚሰጠው ጊዜ፣ የእጁ ክብደትና የውኃው መጠን እኩል መሆን አለባቸው። መፈግፈጊያውም ያረጃል። በጀርባው የታተመው 1000 ይል ይሆናል፤ ሃያ ኳስ የፈገፈገው ፊቱ ግን ሌላ ቁጥር ነው የሚናገረው። ጠንቃቃ ባለሙያ የታተመውን ሳይሆን የተጠቀመበትን ጊዜ ይቆጥራል፤ መዝገብም ይይዛል።

ሦስተኛው ማለማመድ ነው። አሁን የተፈገፈገ ገጽ በጥቂት ጨዋታዎች ውስጥ ስል ጫፎቹን ያጣል፤ ወለሉ ራሱ ይወለውለዋልና። በዋዜማው የተሠራ፣ በሜዳ ያልተፈተነ ኳስ በማግሥቱ በአንደኛውና በአምስተኛው ጨዋታ ሁለት የተለያዩ ኳሶች ይሆናል። ስለዚህ ለውድድር የሚደረገው ዝግጅት ከሳምንታት በፊት ይጀመራል። ኳሱ ይሠራል፣ ይፈተናል፣ ስንት ጨዋታ እንደ ቆየ ይመዘገባል፣ ከዚያም ይታደሳል።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ለማየት የአሜሪካን ክፍት ሻምፒዮና መመልከት ይበቃል። ይህ ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1901 በቺካጎ ነው። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ሌላ መተዳደሪያ ሥራ ያላቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ዓመት ሙሉ ጠብቀው በራሳቸው ወጪ ይመጣሉ። ለእያንዳንዳቸው የሚደርሳቸው ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ ሦስት በቡድን፣ ሦስት በጥንድ፣ ሦስት በነጠላ። ያለፈውን ስሕተት የሚያርም ዐሥረኛ ጨዋታ የለም። በቡድኑ ጨዋታ ደግሞ የአንዱ ኳስ ለሌላው መንገድ ያበጃል ወይም ያበላሻል። ልምድ ያላቸው ቡድኖች በመጀመሪያው ጨዋታ ተመሳሳይ ሻካራ ገጽ ያላቸውን ኳሶች በአንድ የወለሉ ክፍል ላይ በመወርወር ዘይቱን በኅብረት ያነሣሉ። ሦስተኛው ጨዋታ ሲደርስ ወደ ለስላሳው ኳስ ይሻገራሉ፤ በጋራ የከፈቱትም መንገድ ለሁሉም ያገለግላል። ከመካከላቸው አንዱ ያለ ስምምነት የተወለወለ ኳስ ይዞ ቢገባ ዘይቱን ሳያነሣ ወደፊት ይገፋዋል፤ የጓደኞቹንም ድካም ከንቱ ያደርጋል። ኳስ አዘጋጁ እንግዲህ የሚያገለግለው አንድ ደንበኛን ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም የደንቡ ወሰን አለ። ገጹን በመፈግፈጊያ መለወጥ የሚፈቀደው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ነጥብ መቆጠር ከጀመረ በኋላ ገጹ የተለወጠ ኳስ ከውድድር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 በጨዋታ መካከል ኳስን በፈሳሽ ማጽዳት እንኳ ተከልክሎ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተፈቀደው ደረቅ ፎጣ ብቻ ነበር። ተጫዋቹ በሁለተኛው ጨዋታ ሲቸገር በስተ ጀርባ ወደ ቆመው ባለሙያ ዘወር ብሎ «እባክህ ትንሽ ብቻ ንካልኝ» ማለቱ ያለ ነገር ነው። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጭረቱም ለዳኛ ዓይን አይታይ ይሆናል። ባለሙያው እሺ ያለ እንደ ሆነ ግን የሚሰርቀው፣ በዚያው ወለል ላይ ኳሱን በዋዜማው በትዕግሥት አዘጋጅቶ የመጣውን የማያውቀውን ሰው ነው። እምቢ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ምናልባት ደንበኛ ያጣል። ከሁለቱ ኪሳራዎች የትኛው እንደሚቀል ለመለየት መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም።

ክቡራትና ክቡራን፤ በብረትም፣ በእንጨትም፣ በድንጋይም ሥራ የተሰማሩ የማኅበሩ አባላት በዚህ ሩቅ በሚመስል ሙያ ውስጥ የራሳቸውን ሥራ ሳያዩ አይቀሩም። ገጽ የሚመሰክረው በላዩ ላይ የተደረገውን ብቻ ነው፤ የተዘለለውን ደረጃ ይናገራል፣ ያረጀውን መፈግፈጊያ ያጋልጣል፣ የተስተካከለውን እጅ ያመሰግናል። ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ከወጣ በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም። ሊታረም የሚችለው ከዚያ በፊት፣ ተመልካች በሌለበት፣ አዟሪው መሣሪያ በሚያጉረመርምበት ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ነበር።